የሊቢያ ሰማዕታት መንደር፣ ኤል-አውር ደርሼ መጣሁ

ካይሮ ካለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን ኤል-አውር የሚባል መንደር መኖሩን አናውቅም፣ እኔም የሰማሁት አብራኝ ከምትሰራ ግብፃዊት ነው። እናቷ የሚንያ ሰው ናቸው። "ሊቢያ ውስጥ አይሲስ (ISIS) ያረዳቸው እኮ የእኛ ሰፈር ልጆች ናቸው" ስትለኝ በቃ ውሰጂኝ አልኳት። ከራምሲስ ጣቢያ በጠዋት ባቡር ተሳፍረን ወደ ደቡብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደን ሰማሉጥ ወረድን፣ ከዛ ሚኒባስ፣ ከዛ ባጃጅ (እነሱ ቱክቱክ ነው የሚሉት)፣ መሃል ላይ ፖሊስ አስቁሞን ፓስፖርቴን ገልብጦ ገልብጦ አየው፣ ሚንያ ላይ የውጭ ሰው ሲያዩ ጥያቄ ይበዛል።

መንደሩ ያው የገጠር መንደር ነው። የበርሲም (የከብት መኖ) ማሳ፣ አህያ፣ ያልተለሰኑ የጡብ ቤቶች፣ ጣሪያቸው ላይ ለሚቀጥለው ፎቅ የተተወ ብረት ቆሞ። እዚህ ያሉ ወንዶች ሊቢያ የሄዱት እኛ አረብ አገር በምንሄድበት ምክንያት ነው፣ እህት ለመዳር ቤት ለመጨረስ ምናምን። ሲርት የምትባል የሊቢያ ከተማ ውስጥ የግንባታ ስራ ይሰሩ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ላይ ሰባቱ መንገድ ላይ ተያዙ፣ ከዛ 2015 ጃንዋሪ ላይ ጭምብል ያደረጉ ሰዎች በሌሊት ወደሚያድሩበት ግቢ መጥተው ክርስቲያኖቹን ከሙስሊሞቹ እየለዩ ወሰዷቸው። ፌብሩዋሪ 15 ባህር ዳርቻ ላይ ሲታረዱ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። ከተገደሉት 21 ሰዎች 13ቱ ከዚች አንድ መንደር ናቸው፣ አስቡት እስቲ።

ቤተክርስቲያኑ ትልቅ ነው፣ ከመንደሩ ጋር ሲታይ እንደውም በጣም ትልቅ። ፖሊሱ ፓስፖርት ቢያይም በር ላይ የቆሙት ልጆች ግን ያዩት አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ነው፣ አንዱ የእጁን መስቀል ንቅሳት አሳየኝና ሳቅ ብሎ አስገባኝ። አጽማቸው ያለው እዚሁ ነው። 2017 ላይ ሲርት አካባቢ ተቀብረው ተገኙ፣ በ2018 ሜይ መጡ። ከግብፃውያኑ ጋር የተገደለው ጋናዊው ማቲዎስም አለ። ስለ እሱ መጨረሻ ሰዓት የሚወራው ብዙ ነው፣ እኔ የማያከራክረውን ብቻ ልበል፣ አብሯቸው ተንበረከከ፣ አብሯቸው ሞተ፣ የእሱም አጽም በ2020 መጥቶ ከእነሱ ጋር ተቀላቀለ። ሙዚየሙ ውስጥ ያ ብርቱካናማ ልብስና የታሰሩበት ነገር በመስታወት ውስጥ አለ፣ እዛ ብዙ መቆም አልቻልኩም ወጣሁ።

እኔ ግን ከባህሩ ዳርቻ ይልቅ የገረመኝ ከዛ በኋላ የሆነው ነው። ፕሬዚዳንቱ ቤተክርስቲያን ይሰራላቸው ብሎ ፈቅዶ እያለ፣ ወር ከምናምን ሳይሞላ አርብ ቀን አንዳንድ ሙስሊም ጎረቤቶች ተሰብስበው አይሰራም ብለው ድንጋይ ወረወሩ፣ መኪና አቃጠሉ፣ መጨረሻ ላይ የግንባታው ቦታ ወደ መንደሩ ዳር ተቀየረ። ልጃቸውን በቪዲዮ ያዩ እናቶች ሳይረጋጉ እኮ ነው ይሄ። ስለ መከራ መቀበል ስናወራ ሁልጊዜ ሰይፉን ብቻ ነው የምናነሳው፣ በማግስቱ ከዛው ጎረቤት ጋር እንጀራ ፍለጋ አንድ ሚኒባስ ላይ መሳፈሩን ማንም አይሰብከውም። ሁለት ወንድሞቹ የተገደሉበት በሺር ካሜል ያኔ ቴሌቪዥን ላይ ደውሎ፣ ገዳዮቹ የልጆቹን ድምፅ ሳይቆርጡ ስለተዉት፣ ኢየሱስን ሲጠሩ ስላሰሙን አመሰግናለሁ ብሎ ነበር። እውነት ለመናገር እሱ ንግግር አሁንም አልዋጥልኝ ይላል፣ ይቅርታውን አደለም፣ ምስጋናውን። እዛ ሄጄም አልተዋጠልኝም። ግን እሱ የቀበረው ሁለት ነው እኔ ምንም፣ ስለዚ ዝም።

ከዛ ቤት ተጋበዝን፣ ጓደኛዬ የምታውቃቸው ጣንት (ትልቅ ሴት እንደዛ ነው የሚጠሩት) ጋር፣ ሻይ በስኳር ሳይሆን ስኳር በሻይ ሰጡን ማለት ይቀላል። ግድግዳው ላይ ሁሉም ሰማዕታት አክሊል ደፍተው ተስለዋል። የልጅ ልጃቸው አስር ዓመት ቢሆነው ነው፣ በጣቱ እየነካ ሃያ አንዱንም በስም ጠራልኝ። ቀናቸው የካቲት 8 ነው፣ ፓትርያርካቸው አቡነ ታዋድሮስ በዛው በተገደሉበት ሰሞን ነው በስንክሳር ያስገቧቸው፣ እኛ ጋር የስምዖን ቀን ነው።

ጣንት ከየት እንደሆንኩ ሲሰሙ "የእናንተዎቹስ የት አረፉ?" አሉኝ።

ምን ልበላቸው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2007 ወደ ሰላሳ የሚጠጉ ልጆቻችን እዛው ሊቢያ በአይሲስ ተገደሉ፣ ግማሹ ባህር ዳርቻ ግማሹ በረሃ ላይ፣ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን፣ ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ሞልቶ። ከዛ 2011 ላይ የሊቢያ ሰዎች ሲርት አካባቢ 34 አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር አገኘን፣ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖቹ ናቸው አሉ። ይሄን ጓደኛዬ አስተረጎመችላቸው፣ ጣንት ሌላ ሻይ ቀዱልኝ። ስማቸውን ቢጠይቁኝ ኖሮ ሁለት ስም ነበር የምጠራው። እናንተስ ስንት ትጠራላችሁ? ለካቴድራል ብር ያስፈልጋል፣ ለስም ግን ወረቀትና እስኪሪብቶ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ያለበት ደብር ሁሉ ይሄን ማድረግ ይችላል፣ ለምን እንደማናደርግ አይገባኝም።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ አረብኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ፓስፖርት እንዳትረሱ፣ በበዓሉ ቀን ሰው ስለሚበዛ የመመለሻ የባቡር ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ። ሰዓት ከተረፋችሁ ከሰማሉጥ ወንዙን ተሻግሮ ጀበል ኤል-ጠይር አለ፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር ስትሰደድ ያረፈችበት ነው የሚሉት ተራራ፣ እኛ መሽቶብን አልደረስንበትም።