የፑሽኪን እናት አጎት

እዚህ ባሕር ዳር ቡና ላይ የሩሲያው ገጣሚ ፑሽኪን ከተነሳ ወሬው ሁሉ ከአፍሪካ ወደ ሩሲያ ወደተወሰደው ቅድመ አያቱ ወደ አብራም ሃኒባል ይሄዳል። እኔ ግን የአብራምን ልጅ ኢቫንን አብልጬ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሪክ ውስጥ ያለውን የናቫሪኖን ምሽግ ከቱርኮች የተረከበ፣ በ1778 ደግሞ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ያለችውን የኬርሶንን ከተማ መቆርቆር የጀመረ የሩሲያ ጄኔራል ነው። ስሙ በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ ባለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት፣ በጻርስኮዬ ሴሎ፣ የድል ዓምድ ላይ ተቀርጿል።

ልቤን የሚነካው ግን የቤተሰቡ ነገር ነው። ወንድሙ ኦሲፕ ሚስቱን ማሪያንና ሕፃን ልጁን ናዴዥዳን ጥሎ ሲሄድ ኢቫን ከእናትና ልጅ ጎን ቆመ። ራሱ ትዳር አልያዘም። እኔንም ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ ከዘጌ ቡና በጀልባ አሻግረው ሸጠው፣ የደብተሬን ብር በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። የወንድም ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ኢቫን አይረሳኝም።

ያቺ ናዴዥዳ በ1799 ፑሽኪንን ወለደች።