አንዲት ፍሬ ጤፍ፣ 30 ሜትር ሲባጎ

የእህቴ ልጅ ደሴ ከተማ እኛ ቤት ሆና ነው የምትማረው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። አንድ ማታ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ኤሌክትሮን ከፕሮቶን በጣም ያንሳል ይሉናል። ታዲያ ስዕሉ ላይ ለምን እኩል ሆኑ?"

እኔም የተማርኩት በዚያው ስዕል ነው። መልስ አልነበረኝም።

በልክ እንሥራው አልኳት። የሃይድሮጅን አቶም መሃሉ ላይ አንድ ፕሮቶን፣ ዙሪያው አንድ ኤሌክትሮን ነው ያለው፤ ስፋቱ የፕሮቶኑን 60,000 ጊዜ ያህል ነው። መጀመሪያ ፕሮቶኑን ብርቱካን አደረግነው። 7 ሳንቲ ሜትር በ60,000 ሲባዛ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ መጣ። ይኼ አይሆንም። እናቴ አጠገባችን ጤፍ ታበጥራለች። አንዷ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ አቶሙ 60 ሜትር ይሰፋል፤ ከመሃል እስከ ጠርዝ 30 ሜትር። ይኼ ኳስ ሜዳ ይበቃዋል።

ቅዳሜ ሲባጎ ይዘን ወጣን። ቀይ ጤፍ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥን። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ወሰደብን፤ ሦስተኛዋን በሙጫ ለጠፍናት። ልጅቷ ሲባጎውን እየጎተተች ጫፍ ደረሰችና ዞር አለች። ወረቀቱ ይታያል፣ ጤፏ የለችም። ዝም ብላ ቆማ ቀረች። እኔም ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ከዚያ ተሳሳትኩ። "ኤሌክትሮኑ ይኸውና" ብዬ የሲባጎው ጫፍ ላይ ቁንጥር ዱቄት አደረግሁ። ማታ ሳነብ ነው ስህተቴን ያወቅሁት። ኤሌክትሮን እስካሁን በሙከራ የተለካ ስፋት የለውም። ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ኳስም አይደለም። የክረምቱን የደሴ ጭጋግ ነው የሚመስለው፤ እዚህ ጋ ጀመረ፣ እዚህ ጋ አለቀ አይባልም። በማግስቱ ይህንኑ ነገርኳት።

ክብደቱን ለብቻው ወሰድነው። ፕሮቶን የኤሌክትሮንን 1,836 ጊዜ ይመዝናል። ፕሮቶኑ አንድ ኩንታል ጤፍ ቢሆን ኤሌክትሮኑ አንድ እንቁላል ነው። በሌሎች አቶሞች መሃል ከፕሮቶን ጋር የሚገኘው ኒውትሮን ደግሞ ኩንታሉ ላይ ሁለት ሦስት እንቁላል ጣል ማድረግ ነው።

"የእማማ የጆሮ ወርቅስ?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ወርቅ 79 ፕሮቶንና 118 ኒውትሮን አለው። ክብደቱ የሃይድሮጅንን 200 እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስፋቱ ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ የፕሮቶኖቹ ብዛት ኤሌክትሮኖቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ስፋትና ክብደት አብረው አያድጉም። አንድ ስዕል ላይ አደባልቆ ማስተማር ልጆችን የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ ደግሜ አላደርገውም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የፕሮቶኑ ውስጥ ነው። ኳርክ የሚባሉ ሦስት ይበልጥ ጥቃቅን ነገሮች አሉበት። የእነሱ የራሳቸው ክብደት ግን ከኩንታሉ 1 ኪሎ ያህል ቢሆን ነው። የቀረው 99 ኪሎ ኳርኮቹ የሚሯሯጡበትና የተሳሰሩበት ጉልበት ነው።

እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ስልኬን ተቀብላ አሰላች። "ጋሼ፣ ይህ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ የአቶሙ ስፋት ቢሆን፣ ፕሮቶኑ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።" ደብተሯ ላይ አሁን ሁለት ስዕል አለ። አንዱ በሜትር፣ አንዱ በኪሎ።