ዲሼን ወደ ኤስሃይል 2 አዙሬ የተማርኩት፦ የአናሎግ ድምፅና የዲጂታል መልእክት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ወደ ሕዋ የመጠቀችው የኳታር የቴሌቪዥን ሳተላይት ኤስሃይል 2፣ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙ) ኪውኦ 100 የሚሉትን፣ ሲግናላቸውን ተቀብሎ ወደ ምድር የሚመልስ መሣሪያ አብራ ተሸክማለች። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ስለቆመች፣ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው አትወጣም፣ አትጠልቅም። ጎረቤቶቿ ዲሽ የሚገጥሙ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቋቸው የባድር ሳተላይቶች ናቸውና፣ ለባድር የተስተካከለ ዲሽ ያለው ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል።

የንግግር ሲግናሎቹ የሚወርዱት በ10,489.5 እና በ10,490 ሜጋኸርዝ መካከል ሲሆን፣ ተራ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚገጠመው ሲግናል ተቀባይ) 9,750 ቀንሶ በ740 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወደ ኬብሉ ይለቃቸዋል፤ ይህም በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ የኤስዲአር መቀበያ (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ) የሚደርስበት ነው። ኤልኤንቢው የሚፈልገው 13 ቮልት ግን መቀበያውን እንዳያቃጥል በመካከል መከላከያ ማስገባት ግዴታ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ኤስኤስቢ በተባለው የሬዲዮ ድምፅ ማስተላለፊያ ስልት የሚተላለፍ የአናሎግ ንግግር ነበር። ረፋድ ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ስታሞቀው በኤልኤንቢው ውስጥ ያለው የፍሪኩዌንሲ አመንጪ ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት፣ የጎልማሳው ተናጋሪ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ የሕፃን ድምፅ መሰለ። ሆኖም ፍሪኩዌንሲውን በማውስ እየተከተልኩ የጥሪ ምልክቱን (የተናጋሪውን የሬዲዮ መለያ ስም) ለመያዝ አልተቸገርኩም፤ የጎደለውን ጆሮ ይሞላዋል።

በዚያው ሰዓት ኤፍቲ8 የተባለውን ዲጂታል ስልት ስሞክር አንድም መልእክት አልተፈታም። ኤፍቲ8 ጆሮ የማይለየውን ደካማ ሲግናል ከጫጫታ ውስጥ ማውጣት ይችላል፤ ነገር ግን አንድ መልእክት 13 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያ መሃል ፍሪኩዌንሲው ከሸሸ ወይም የኮምፒውተሩ ሰዓት በጥቂት ሰከንድ ከተዛባ ስክሪኑ ባዶ ይቀራል፤ የትኛው እንደሆነም አይናገርም። ጀማሪ በዲጂታል እንዳይጀምር የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስቀበልም ያየሁት ይህንኑ ነው። ጣቢያው አልፎ አልፎ በ145.800 ሜጋኸርዝ የሚልከው የአናሎግ ምስል ጫጫታ ሲገባበት መስመር መስመር እየሆነ ይበላሻል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በ145.825 የሚመጣው የፓኬት መልእክት (በዲጂታል ጥቅል የሚላክ ጽሑፍ) ግን ስሕተትን ቢለይም ማረም የማይችል ስለሆነ፣ አንዲት ቢት ከተሳሳተች ሙሉው ይጣላል።

ለመንሸራተቱ መፍትሔ የሆነኝ ግን ራሱ ዲጂታል ሲግናል ነው። በ10,489.750 ሜጋኸርዝ ላይ በሰከንድ 400 ቢት የሚልክ ቋሚ መለያ ሲግናል አለ፤ ፕሮግራሙ እሱ ላይ ተቆልፎ ሽሽቱን እየለካ ሲያርም ንግግሩም ይረጋል፣ ኤፍቲ8ም መፈታት ይጀምራል። በክረምት ከባድ ዝናብ ወርዶ መቆለፊያው ሲለቅ ዲጂታሉን ትቼ ድምፁን በማውስ ወደ መከተል እመለሳለሁ።