«ለቲ ና» ካሉህ ሳትበላ ሂድ

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትናንት አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ እንግሊዞች ለቲ ከጠሩኝ እራቴን በልቼ ልሂድ?»

ኧረ በፍጹም! ቃሉ ሻይ ማለት ቢሆንም፣ በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ሰው «ቲ» የሚለው የማታውን ምግብ ነው። ምሳውን ደግሞ «ዲነር» ይለዋል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ግን ምሳ «ላንች» ነው፤ «ዲነር» እራት ይሆናል። ስለዚህ ዲነር ሲሏችሁ ሰዓቱን ጠይቁ። እኛስ «ቡና ጠጡ» ብለን ጠርተን ቆሎውንም ዳቦውንም እናቀርብ የለ?

«ቺፕስ» እዚያ ወፈር ብሎ የተጠበሰ ድንች ነው። ከሱቅ በላስቲክ የምንገዛውን ስሱን «ክሪስፕስ» ይሉታል። አርብ አርብ ዓሣና ቺፕስ መብላት የቆየ ልማዳቸው ነው። የመጣውም ድሮ ክርስቲያኖች አርብ ሥጋ ስለማይበሉ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ሞቀ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለ ጾሙ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ።

የእሑዱ ምሳ ጥብስ ሥጋ፣ ድንችና መረቅ ነው። አብሮት የሚቀርበው «ዮርክሸር ፑዲንግ» በስሙ እንዳትሳሳቱ፣ ጣፋጭ አይደለም። ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚጋገር ነው።

አጥብቄ የነገርኳቸው ግን ሌላ ነው። እዚያ «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ የለም። አንዴ «ኖ ታንክ ዩ» ካላችሁ አብዛኛው ሰው ቃላችሁን አምኖ ሳህኑን ያነሳል። ከራባችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «የስ ፕሊስ» በሉ።