አሮጌ ኮርስ ሳይክል ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ቸርኬውን እዩ

ጅማ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ሞልቷል። እኔ የፈለግኩት ግን አሮጌ ኮርስ ነበር፤ ቀጭን የብረት ፍሬም ያለው፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ። ከአጂፕ ሰፈር እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ ጠዋትና ማታ የባጃጅ ሒሳብ መክፈል ሰልችቶኛል።

ያገኘሁት አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከጆንያ ክምር ጀርባ ቆሞ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ የጣልያን ዕቃ እኮ ነው!» እያለ ዋጋውን ሰቀለው። የየትም አገር ይሁን። ከኪሴ ማስመሪያና ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሳወጣ ሳቀብኝ።

ጎማው ጎን ላይ 27 ይላል። 27 እና 700 የሚባሉት ጎማዎች በዓይን ብቻ አይለዩም። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ልክ ግን የመጀመሪያው 630፣ የሁለተኛው 622 ሚሊሜትር ነው። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የከተማውን ሱቆች ቀድሜ ስለዞርኩ 27 ጎማ እንደማላገኝ አውቄያለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ይሄ ፍሬም 700 ቸርኬ ይቀበላል? አዲሱ ቸርኬ በየጎኑ በ4 ሚሊሜትር ያንሳል። የፍሬኑ ላስቲክም ያንኑ ያህል ወደ መሃል መውረድ መቻል አለበት። ለካሁት፣ ቦታ አለው።

ማግኔቱ ደግሞ ቸርኬው ላይ ጥብቅ አለ። ብረት ነው ማለት ነው። የብረት ቸርኬ ሲያብረቀርቅ ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ፍሬን አይዝም። የጅማን ክረምት ለምታውቁት ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። በአልሙኒየም መቀየር ነበረበት።

የኮርቻው ዘንግ በዝገት አለመጣበቁን አረጋገጥኩ። ከተጣበቀ ማላቀቁ የቀናት ትግል ነው። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለካሁ። አንዱን የውስጥና አንዱን የውጭ ቁራጭ እንደ አንድ ብትቆጥሩ፣ 12 ጥንድ አዲስ ሲሆን 30.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 30.6 ካለፈ ተስቧል። የዚህኛው አልፎ ነበር። ያን እያሳየሁ ተከራከርኩ፣ ሻጩም ቀነሰ። ከያዝኩት ብር ግማሹን ለጥገና ማስቀረቴም በጀኝ፣ ምክንያቱም ቸርኬው፣ ሰንሰለቱና የፍሬን ገመዱ የሳይክሉን ዋጋ ያህል በሉ።

ጠጋኙ ጋሼ ግራውን ፔዳል ሊፈታ ሲል ለማገዝ ቁልፉን ያዝኩ። «ልጄ፣ የግራው በተቃራኒ ነው የሚፈታው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ ቢታገሉት የበለጠ ይጠብቃል።

መንዳቱ ሌላ ትምህርት ነው። ማርሹ ፍሬሙ ላይ ባለች ትንሽ ማንሻ ይቀየራል፣ ቀጭ የሚል ነገር የለውም። ሰንሰለቱ ማንኳኳቱን እስኪያቆም በጆሮ ነው የሚስተካከለው። ለምዶ ላገኘው ደስ ይላል። ለኮብልስቶን ደግሞ ቀጭን ጎማ አይሆንም፤ 28 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አስገባሁ። ያም ሆኖ ክንድ ያርገበግባል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ሞክሬዋለሁ፤ የድሮ ኮርስ ማርሽ ለዳገት አያዝንም፣ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ባጃጅ ተከትዬ ስነዳ ሁልጊዜ ርቀት እጠብቃለሁ፤ ተሳፋሪ ካየ ያለ ምልክት ነው የሚቆመው።

ፍሬሙ የፓራፋንጎ ማሰሪያ ቀዳዳ አለው፤ ብዙዎቹ የዘመኑ የውድድር ሳይክሎች ይሄ የላቸውም። ከሰኔ በፊት የፊቱንም የኋላውንም ፓራፋንጎ አስገጥሜያለሁ። አሁን ቢሮ ስገባ ሱሪዬ ጭቃ የለውም።