አርሴናልን ለመተረብ ብዬ የአርሴናልን ታሪክ አጠናሁ

ደሴ ውስጥ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ መሆን ዕድሜ ልክ መከራከር ማለት ነው። ከእኛ የተረፈው ሰው በአብዛኛው አርሴናል ነው። ቼልሲና ሊቨርፑልን የሚደግፉም አሉ፤ እነርሱን ለዳኝነት እንጠቀምባቸዋለን።

ጨዋታ የምናይባት ዲኤስቲቪ ቤት ፒያሳ አካባቢ ናት። ባለቤቷ መድፈኛ፣ ማለትም የአርሴናል ደጋፊ ነው፤ አይደብቅምም። በር ላይ በሚያቆማት ጥቁር ሰሌዳ የአርሴናል ጨዋታ ሁልጊዜ ከላይ፣ በትልልቅ ፊደልና በቀይ ጠመኔ ይጻፋል። የእኛ ጨዋታ ከእነርሱ ቀድሞ የሚጀምር ቢሆን እንኳን ከታች በነጭ ጠመኔ ተሞነጫጭሮ ይታለፋል።

እዚህ ቤት ስለ አርሴናል የሚባለውን ሁሉ ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውን ያልኩትም እኔው ነኝ። አንድ የውድድር ዘመን ግን የምንለውን አንድ በአንድ መዝግቤ እውነትነቱን ልመርምር ብዬ ተነሣሁ። ዓላማዬ ንጹሕ አልነበረም፤ የሚያምም ትረባ ፍለጋ ነው።

በደብተሩ ግራ ገጽ የተባለውን፣ በቀኝ ገጽ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ማስረጃ የሚሆነው የየዓመቱ የመጨረሻ የደረጃ ሰንጠረዥና የጨዋታ ውጤት ብቻ ነው፤ የደጋፊ ትዝታ ለራሱ ቡድን ስለሚያደላ አይቆጠርም። አንድ ደንብ ደግሞ ጨመርኩ፦ አርሴናልን የጠየቅኩትን ዩናይትድንም እጠይቃለሁ። ይህቺ ደንብ ብዙ አስከፍላኛለች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያገኘሁትን የማቀርበው ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ለሚላቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሐጂ በ1999 ካኑ ቼልሲ ላይ ከ2 ለ 0 መመራት ተነሥቶ ሦስት ግብ ያስቆጠረበትን ጨዋታ ትናንት የተደረገ ያህል ይተርካሉ። ጌዲዮን ዘላለም የሚባል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ በ2014 የአርሴናልን ማሊያ ለብሶ ሲገባ ደግሞ ሱቃቸው ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ሻይ ጋብዘዋል።

የጀመርኩት ሁሉም ከሚያውቃት ከ«አራተኛነት ዋንጫቸው ነው» ነበር። አርሰን ቬንገር አርሴናልን ባሠለጠኑባቸው 22 የውድድር ዘመናት ቡድኑ አራተኛ የወጣው ስድስት ጊዜ ነው፤ ስድስቱም ከ2006 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ውስጥ ናቸው። ከዚያ በፊት፣ ከ1998 እስከ 2005፣ ከሁለተኛ በታች ወርደው አያውቁም። በመካከል የመጣው ስታዲየም ነው። በ2006 ከሃይበሪ ወጥተው 390 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ፈጀው ኤሚሬትስ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሄንሪን፣ ፋብሪጋስን፣ ናስሪን እየሸጡ ኖሩ። በ2012 ቫን ፐርሲን ለእኛ ሸጡልን፤ እርሱም በመጀመሪያ ዓመቱ 26 የሊግ ግብ አስቆጥሮ ሻምፒዮን አደረገን። የሳቅንበት ድህነት ዋንጫ አብልቶናል። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው ጨርቅ መለካታቸውን ሳያቆሙ፣ «ልጄ፣ ቤት እየሠራን ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ሥጋ አይገዛም» አሉኝ።

«ዋንጫ አያውቁም» የምትለዋ ከ2005 እስከ 2014 ላሉት ዘጠኝ ዓመታት ትሠራለች። ከዚያ ውጪ ግን የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ኤፍኤ ካፕን፣ 14 ጊዜ የወሰደ ቡድን ዋንጫ አያውቅም ማለት ይከብዳል፤ የእኛ 13 ነው። ለዘጠኙ ዓመታት መነሻ የሆነውን የ2005ቱን ዋንጫ ደግሞ ካርዲፍ ላይ የወሰዱት ከእኛው ነው። 120 ደቂቃ ሙሉ ስናጠቃ ቆይተን፣ ሌማን የስኮልስን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ፣ ቪዬራ የመጨረሻዋን አስቆጠረ። ይህን ቀኝ ገጽ ላይ የጻፍኩት በደቃቅ ፊደል ነው።

«አይሸነፌዎች» የሚለው ግን የእነርሱ ጉራ ስለሆነ በጉጉት ነበር የገባሁበት። በ2003/04 የሊግ ውድድር 26 አሸንፈው፣ 12 አቻ ወጥተው፣ አንድም ሳይሸነፉ 90 ነጥብ ሰበሰቡ፤ ይህ የማይነካ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ 3 ቀን በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ በስኮልስ ግብ 1 ለ 0 አሸንፈናቸዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ቼልሲ በገዛ ሜዳቸው 2 ለ 1 አሸንፎ ከሻምፒዮንስ ሊግ አስወጣቸው። ኦልድ ትራፎርድ ላይ 0 ለ 0 በተለያየንበት ጨዋታም ቫን ኒስቴልሮይ በባከነ ሰዓት ያገኘው ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚውን ባይመታ ኖሮ ታሪኩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። ያልተሸነፉበት ጉዞ 49 ላይ ሲደርስ የቆረጥነውም እኛ ነን፤ ጥቅምት 24 ቀን 2004፣ 2 ለ 0።

ይህን ሁሉ ለሐጂ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ከቼልሲው ሽንፈት በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ?» አሉ። ሊቨርፑል ሃይበሪ ላይ እስከ እረፍት 2 ለ 1 እየመራ ነበር፤ ሄንሪ ሦስት አስቆጥሮ 4 ለ 2 አሸነፉ። በአንድ ሳምንት ሁለት ዋንጫ ያጣ ቡድን እንዲያ ሲነሣ ማየት ለእኔም ቢሆን ይከብዳል። «አብሽር ልጄ፣ ያ ጨዋታ ነው አይሸነፌ ያሰኘን» አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።

ከሁሉ የጣፈጠኝ የ1919ኙ ነገር ነው። «በጉቦ ነው ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን የገቡት» ይባላል፤ በተለይ የቶተንሃም ደጋፊዎች ይህን ሳይናገሩ አያድሩም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተደረገው የመጨረሻ ውድድር አርሴናል በሁለተኛው ዲቪዚዮን አምስተኛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አንደኛው ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ቡድን ሲሰፋ ለአንዱ ቦታ ድምፅ ተሰጠና አርሴናል 18፣ ቶተንሃም 8 አገኘ። ሊቀመንበሩ ሄንሪ ኖሪስ ድምፅ ገዝተዋል ተባለ። በሌላ የገንዘብ ጥፋት በኋላ መታገዳቸው እርግጥ ነው፤ የ1919ኙ ጉቦ ግን ማስረጃ አልተገኘለትም።

ያቺ ደንቤ ያስከፈለችኝ እዚህ ላይ ነው። የ1914/15ን ሰንጠረዥ ስገልጥ ቶተንሃም መጨረሻ፣ ቼልሲ ከእርሱ በላይ፣ ከቼልሲ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚበልጠው ደግሞ ማንችስተር ዩናይትድ ነው። እንዴት ተረፍን? ሚያዝያ 2 ቀን 1915 ሊቨርፑልን 2 ለ 0 አሸንፈን። በዚያ ውጤት ላይ ቀድሞ ውርርድ ተይዞ ነበር፤ ተጣርቶም ከእኛ ሦስት፣ ከሊቨርፑል አራት ተጫዋቾች ዕድሜ ልክ ታገዱ። ውጤቱ ግን ጸና። የአርሴናልን ሌባ ፍለጋ ወጥቼ የተፈረደበትን ሌባ ቤቴ አገኘሁት። የሊቨርፑሉ ዳኛችን ይህን ሲሰማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኝነቱን ትቷል።

«ወርደው አያውቁም» የሚሉትንም ላርመው፦ በ1913 ወርደዋል፤ ከ1919 ወዲህ ግን አልወረዱም። እኛ በ1974 ወርደናል።

«የአውሮፓ ዋንጫ የላቸውም» በምትለው ላይ ብዙ አልቆየሁም። የ1994ቱን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ልጠቅስ ስል ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ፣ «የሴቶቹስ?» አለች። የአርሴናል ሴቶች በ2007ና በ2025 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በሁለተኛው ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው። ቤቱ ውስጥ ከነበርነው ወንዶች አንዳችንም አላነሣነውም ነበር።

«መጨረሻ ላይ ይንሸራተታሉ» የሚለው አሁንም የምንወደው ነው። በ2023፣ በ2024ና በ2025 በተከታታይ ሁለተኛ ሆነዋል። በ2024 ግን የሰበሰቡት 89 ነጥብ ነው። በ2013 እኛን ሻምፒዮን ያደረገን ልክ 89 ነበር፤ በ2012 በግብ ልዩነት ለማንችስተር ሲቲ ያስረከብነውም በ89 ነጥብ፣ ስድስት ጨዋታ ሲቀር ስምንት ነጥብ እየመራን ነው። መንሸራተት ከተባለ እኛም ቁልቁለቱን እናውቀዋለን።

ለመሞከር ለሚያስብ ሰው የምለው ጥቂት ነው። ወረቀቱን ጨዋታ እየተካሄደ አታውጣው፤ በተሸነፉ ማግስትም ይቅር። ክርክሩን ከእነርሱ እውነት ጀምር፤ ኤፍኤ ካፑን ካመንክላቸው በኋላ የ49ኙን ጉዞ መቆረጥ ስታነሣ የሚሰማህ ጆሮ ታገኛለህ። ብዙ ስድብ ከመደርደር ሁለት እውነት መያዝ ይሻላል። እኔ የቀሩኝ የ2011ዱ 8 ለ 2 እና ያ የ49ኙ ጉዞ መቆረጥ ናቸው፤ ሁለቱም እስካሁን መልስ አላገኙም። ሦስተኛ ብጨምር ወሎዬነቴን ነው። ክለቡን በ1886 የመሠረቱት የዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ የእንግሊዝ ጦር መድፉን በዝሆን አስጭኖ መቅደላ ከመጣ ገና 18 ዓመቱ ነበር። የወሎ ሰው እንዴት መድፈኛ ይሆናል ስላቸው ሐጂ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

ደብተሩን አሁን እርሳቸው ወስደውታል። በተረፉት ገጾች ላይ ስለ ማንችስተር የሚባለውን እየመዘገቡ ነው፤ በግራ ገጽ የመጀመሪያው መስመር 1915 ነው፣ ቀኙንም ሞልተው ጨርሰዋል።