መብረቅ አልጋ ሥር ነው

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ዛሬ ጳጉሜን 5 ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ሳይሞላ አንድ የሰፈር ልጅ ለማታ ያዘጋጀውን ርችት መሥራቱን ማረጋገጥ ፈልጎ ይመስላል፣ አንዲት ተኩሶ ሞከረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መብረቅ አልጋዬ ሥር ነው። መብረቅ ውሻዬ ነው። ስሙን ያወጣለት የእህቴ ልጅ ሲሆን፣ ምክንያቱም ቡችላ ሳለ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሮጥበት አይቶ ነው። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ድምፅ መፍራቱ ለጎረቤት ሁሉ ሳቅ ሆኗል። እኔም ስቄበት ነበር።

በየዓመቱ በዚህ ቀን የአደይ አበባ ፎቶግራፍ ከአንድ ሁለት የምርቃት ቃል ጋር እልክላችሁ ነበር። ዘንድሮም አደዩ አለ፣ ምርቃቱም አይቀርም፤ አስቀድሜ ግን አልጋ ሥር ስላለው ፍጥረት ላጫውታችሁ።

መብረቅ ፈሪ ውሻ አይደለም። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ነው። በክረምት ሌሊት ጅብ እስከ አጥራችን ይመጣል። ያን ጊዜ መብረቅ ፀጉሩን አቁሞ፣ አፍንጫውን በቆርቆሮው በር ሥር አሹልኮ ሲጮህበት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይቀበለዋል። የቤተ ክርስቲያን ደወል አያስደነግጠውም። የማኅሌቱ ከበሮ በድምፅ ማጉያ ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ እሱ ተኝቶ ያድራል። የባጃጁንና የሠርግ መኪናውን ጥሩንባማ ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ታዲያ ጅብ የማይፈራ ውሻ ርችት ለምን ይፈራል? ብዙ አስቤበታለሁ። ጅብ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። የሚመጣበት አቅጣጫ አለው፤ ሲባረር የሚሸሽበትም አለው። የርችት ሽታ ግን የሚመጣው ከፈነዳ በኋላ ነው፤ ድምፁም ከላይ ነው፤ ውሻ ደግሞ ከሰማይ የሚመጣ ጠላት ማባረር አልለመደም። የጆሮውም ነገር አለ። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ የሆነውን ቀጭን ድምፅ አይሰማም፤ የውሻ ጆሮ እስከ 45 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ እኛ ጸጥታ ነው በምንለው ሰዓት እንኳ እሱ የሚሰማው ነገር አለ፤ እኛ ጆሯችንን በምንይዝበት ሰዓት የእሱ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጣና አለ። ለጥ ባለ ውኃ ላይ ድምፅን የሚያግድ ዛፍም ግንብም የለም። በዚያ ላይ ለውኃው የቀረበው አየር ከበላዩ ካለው ሲቀዘቅዝ፣ ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች እየጎበጠ ሩቅ ይጓዛል። ማለዳ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጓደኛውን ሲጣራ አጠገባችን የቆመ የሚመስለን ጊዜ አለ። አንድ ሆቴል ዳርቻው ላይ ርችት ሲተኩስም እንግዶቹ ብቻ አይደሉም የሚሰሙት።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ርችቱን የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ለእህቴ ልጆች ደስ ይበላቸው ብዬ 3 ገዛሁ። ችቦው ከመብራቱ በፊት ግቢው መካከል ተከልኩት። የመጀመሪያው ወደ ላይ ወጥቶ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሲበተን ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ሁለተኛውን ስለኩስ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ሦስተኛው ካለቀ በኋላ እናቴ “መብረቅስ?” አለች። በበሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ገፍቶ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ፀጉርና ጥቂት ደም ትቶ ወጥቷል።

እንቁጣጣሽን ውሻ ስፈልግ ዋልኩ። ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ሲመጡ በራችን ዝግ ነበር፤ ይህንን እናቴ እስከ ዛሬ አልተወችልኝም። መስከረም 2 ጠዋት ዓሣ ከሚበልቱት ሰዎች ዘንድ ደረስኩ። አንድ ሽማግሌ መረባቸውን እየጠገኑ ቀና አሉ።

“ቡናማ ነው? አንድ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ?”

“አዎ፣ አባቴ።”

“ያውልሽ፣ ደንገሉ ውስጥ። ከትናንት ጀምሮ እስከ ሆዱ ውኃ ገብቶ ቆሟል። አምባዛ ጣልንለት፣ አልቀመሰም። እኛን ፈርቶ አይደለም።”

ብጠራው አልመጣም። ጫማዬን አውልቄ ስገባ “አንቺ ልጅ፣ ጭቃው ይውጣል!” አሉኝ፤ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ስይዘው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጅራቱ ከሆዱ ሥር ገብቷል፣ ምላሱ ወጥቶ ያለከልካል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባል የለ? ተኩሼ ያባረርኩትም፣ ውኃ መካከል ቆሜ የማለቅሰውም እኔው።

ጅራፍን ካነሳሁ አይቀር፣ የቡሄን ነገር ልንገራችሁ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ በፈጠነ ፍጥነት ስለሚወነጨፍ ነው፤ በአቅሙ ፍንዳታ ነው ማለት ነው። መብረቅ ግን ነሐሴ 13 ቀን መንገዱ ሁሉ ጅራፍ ሲሆን ጆሮውን ቀና አድርጎ መልሶ ይተኛል። ለምን ቢባል፣ ሐምሌ ላይ አንድ ልጅ ከሩቅ ይጀምራል፤ በሳምንቱ ሁለት ይሆናሉ፤ ከዚያ የእኛው አጥር ሥር ይደርሳሉ። በዓሉ ሲመጣ ጆሮው ለምዶታል። የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩትም ይህንኑ የሚመስል ነው፤ የተቀዳ የርችት ድምፅ ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ በጣም ዝቅ አድርጎ ማሰማት፣ እያሰሙ የሚወደውን ምግብ መስጠት፣ ካልተረበሸ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ። ዘንድሮ በስልኬ ሞከርኩት። ሥጋውን በልቶ ስልኩን ላሰ። የዛሬዋን እውነተኛዋን ግን፣ እንዳልኳችሁ፣ አልጋ ሥር ሆኖ ነው የተቀበላት።

ችቦ አይፈራም። ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እሳቱ ሲነድ፣ ልጆቹ ሲዘሉ፣ ጭሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው እንኳ ራቅ ብሎ ተጋድሞ ያያል።

ቤት ማስገባቱ ሌላ ጦርነት ነበር። በእኛ ቤት ውሻ ከደጃፍ አያልፍም። ቄጠማ በተጎዘጎዘበት፣ ዕጣን በሚጤስበት፣ ግድግዳው ላይ ቅዱስ ሥዕል ባለበት ክፍል ውሻ ማስገባት ለእናቴ ነውር ነው። ደግሞም “ስታባብዪው ይብስበታል” ትለኝ ነበር። በዚህ ግን አልተስማማንም። ውሻ የሚፈራው ለመሞላቀቅ ብሎ አይደለም፤ ስላባበሉት ፍርሃቱ አይጨምርም። ከጎኑ መቀመጥ ይበቃል፤ ከተደበቀበት መጎተትና መቆጣት ነው የሚያብሰው። መስኮቱን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን እጋርዳለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ከመምሸቱ በፊት ውጭ አንሸራሽሬ፣ አብልቼ አስገባዋለሁ። ፍርሃቱ ከዚህ ለበረታ ውሻ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ፤ የሰው መድኃኒት በግምት መስጠት ግን መግደል ሊሆን ይችላል።

ስለማብላት ካነሳሁ፣ እባካችሁ ዶሮ ወጡን ለራሳችሁ አድርጉት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። የበዓል ዶሮ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት አይደለም እንዴ?

በአንገቱ ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥሬ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በመስቀል ሰሞን አሳድሳለሁ፤ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ስለሚውል አልረሳውም። ተሸብሮ ከማያውቀው ሰፈር የገባ ውሻ ሊነክስም ሊነከስም ይችላል፤ ይህ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

የሚደነግጠው ደግሞ ውሻ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ድንገት የሚፈነዳ ነገር ስንሰማ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በዓል አይደለም። ከእኛ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት ርችት በተተኮሰ ቁጥር የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ይቆጥራሉ። ሁሉም “አቤት” ካሉ በኋላ ነው የሚቀመጡት።

አትተኩሱ ልላችሁ አልችልም፤ ተኩሼ አውቀዋለሁና። ድንኳን ስንተክል ለጎረቤት እንናገር የለ? ዓምና የታችኛው ግቢ ልጅ፣ ገና 12 ዓመቱ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በራችንን አንኳክቶ “እትዬ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ 4 ርችት አለን። ከአራት በላይ የለንም። መብረቅን ያስገቡት” አለኝ። ልክ በ3 ሰዓት ተኮሱ፤ እየቆጠርኩ አራቱ ሲያልቅ መስኮቱን ከፈትኩ። ከጀርባችን ላሉት እናትም ሄዶ ነግሯቸው ኖሯል። በዚያ ማታ ማንንም ሲጠሩ አልሰማሁም።

መጪው ዓመት የጤና፣ የጥጋብ፣ የሄደው የሚመለስበት ይሁንላችሁ። የሚፈነዳው የአደይ እምቡጥ ብቻ ይሁን።

እናቴ ቄጠማ ጎዝጉዛ ጨርሳለች። መብረቅ ደህና መሆኑን ለማየት አሁን ጎንበስ ብል፣ አልጋዬ ሥር ታጥቦ የደረቀ ጆንያ ተነጥፏል፤ አጠገቡም ውኃ በጣሳ አለ። ማን እንዳነጠፈው ብጠይቃት “እኔ እንጃ” ብላ ወደ ማድቤቷ ገባች።